እየሄደ የሚመለሰው የእትዬ ብርቄ ቬኒየር

እትዬ ብርቄ ማረፏን የነገረኝ አንድ የቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ ነጂ ነው። የድንበሩ በር ላይ ወረቀት ይዤ ተሰልፌ ሳለ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ "ማማ ቬኒየር ዛሬ ጠዋት አረፈች፤ ፖሌ ሳና፣ አይዞህ" አለኝና አቧራውን አልብሶኝ ሄደ። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ያለቅሳል፤ ካልሆነም ይቀመጣል፤ ቢያንስ ቢያንስ "ወይኔ" ይላል። እኔ ግን ከፊቴ የነበረውን የጉምሩክ ጠረጴዛ በጣቴ አንጓ ኳ ኳ አደረግሁት። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። "ልብስ ነው" አልኳት። አይታ አይታኝ ወረቀቴን ሳታነብ ማኅተም መታችልኝ። ከዚያ ወጥቼ ነው አጥሩን ተደግፌ ያለቀስኩት።

"ልብስ ነው" የእሷ ቃል ነበር። እትዬ ብርቄ ሳታንኳኳ ያለፈችው ጠረጴዛ፣ በር፣ ቁም ሳጥን የለም። ባንክ ሄዳ ተራዋ ሲደርስ መጀመሪያ መስኮቱ ሥር ያለውን እንጨት ትመታለች፤ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች፤ ከዚያ "ድፍን ነው" ወይም "ልብስ ነው" ብላ ትፈርዳለች። ድፍን ማለት ከላይ እስከ ታች አንድ እንጨት የሆነው ነው። ልብስ ማለት ደግሞ ውስጡ ቺፑድ ወይም ኮምፔርሳቶ ሆኖ ከላይ ቬኒየር የለበሰ፣ እንደ ወረቀት የሳሳ የውድ ዛፍ እንጨት በኮላ የተለጠፈበት ነው። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ታንኳኳለች። የሚገርመው፣ በከተማው ያለውን እንጨት ሁሉ ያለበሰችው ራሷ ነበረች። ይኼን ሲነግሯት "እኔ ያለበስኩትን እኔ ባጋልጠው ምን ነውር አለው?" ትላለች።

በኬንያው ሞያሌ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። እዚህ አንዲት ሴት በልጇ ትጠራለች፤ ልጅ ስላልነበራት በንግዷ ጠሯትና ማማ ቬኒየር ሆና ቀረች። ከእናቷ ጋር በስደት ተሻግራ መጥታ መጀመሪያ ማንዳዚ የሚሉትን የዘይት ዳቦ ጠብሳ ሸጠች፤ ቀጥላ ለአንድ አናጺ ተቀጠረች፤ አናጺው ጠቅልሎ ናይሮቢ ሲገባ ሱቁን ከነመጋዙ ተረከበችው። ቬኒየሩ ከሞምባሳ ወደብ ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢ በከባድ መኪና ወደ እሷ ይመጣል። ደንበኛ ሲገባ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ ቬኒየሩ ላይ ትስበዋለች፤ እንጨቱ ይጠቁርና ደም ሥሩ ይወጣል። "ቫርኒሽ ሲነካው እንዲህ ነው የሚሆን" ትላለች። አንድ ቀን በዚያው ጣት ክራባቴን ሞክራው "ይኼ ምንም አይሆን" ብላኛለች።

እኔ ጋልጋሎ እባላለሁ። የዚሁ የወዲህኛው ሞያሌ ልጅ ነኝ፤ የቤቴ ቋንቋ ኦሮምኛ፣ የትምህርት ቤቴ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ነው። አማርኛን የተማርኩት ከማዶ ከሚመጡ ሹፌሮችና ከእትዬ ብርቄ ነው፤ ሹፌሮቹ ያስተማሩኝን ግማሹን እሷ ተቆጥታ አስረስታኛለች። መጀመሪያ ቀን "እርስዎ" ስላት "ማንን ነው የምታስረጀው?" ብላ ስለጮኸችብኝ እስከ መጨረሻው አንቺ እያልኳት ኖርኩ። ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የሰው ዕቃ በድንበር የሚያልፍበትን ወረቀት እሞላለሁ። ዕቃውን ግን አላይም። ዕቃ ማየት የተሸካሚ ሥራ ነው እያልኩ ከወንበሬ አልነሳም ነበር። ወንበሬ የሚሽከረከር ነው፤ በከተማችን ከሰርተፊኬቴ ቀጥሎ የምኮራበት ነገር እሱ ነበር። እትዬ ብርቄ ቢሮዬ በገባች ቁጥር ጠረጴዛዬን ታንኳኳና ቀጥላ ግንባሬን ታንኳኳለች። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ "ቺፑድ" ትላለች። ያን ሁሉ ጊዜ የፍቅር መጥሪያ ይመስለኝ ነበር።

ሌላው ጠባይዋ፣ የቆመችበትን አገር አመስግና አታውቅም። ወዲህ በኬንያ በኩል ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ "ኢትዮጵያ ቢሆን ይኼን ውኃ ሻይ ብለው አያቀርቡም ነበር" ትላለች። መብራት ሲጠፋ ኢትዮጵያ ቢሆን፤ መንገድ ሲቆፈር ኢትዮጵያ ቢሆን፤ የቢሮ ሰው ሲዘገይ ኢትዮጵያ ቢሆን። በሩን አልፋ ማዶ ስትገባ ደግሞ ገና ጫማዋን አቧራ ሳይነካው "ኬንያ ቢሆን ይኼኔ ጨርሼ ወጥቻለሁ" ትጀምራለች። የወዲያው ዘበኛ አንድ ቀን የትኛውን አገር እንደምትወድ ቢጠይቃት "ያልቆምኩበትን" አለችው። ዝም የምትለው በሁለቱ በሮች መካከል ባለችው፣ የማንም ባልሆነችው ቁራጭ መሬት ላይ ብቻ ነበር። እዚያ ስትደርስ ሻርፗን ሰብሰብ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ትንፍሽ ሳትል ታልፋለች። ሁለት አገር ስታነጻጽር ደክሟት እያረፈች ነው ብዬ አስብ ነበር።

ማዶ ታላቅ እህት ነበሯት፤ እትዬ ተዋበች። ቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ሱቅ በእግር የሚደረስ ነው፤ ግን አይነጋገሩም። እናታቸው ያረፉት ማዶ ተኩስ ተሰምቶ የድንበሩ በር በተዘጋበት ቀን ነበር። የሞያሌ ሙቀት አስከሬን አያቆይም፤ ሰዉም ፈርቷል፤ እናትየው በዚያው ዕለት ወዲህ ተቀበሩ። በሩ ተከፍቶ እትዬ ተዋበች ሲሮጡ የደረሱት አፈሩ ተደልድሎ ካለቀ በኋላ ነው። "ሳትጠብቀኝ እናቴን ቀበረች" አሉ፣ ተመለሱ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ የእህታቸው ስም በሚነሳበት ቤት አይቀመጡም። ሽማግሌ ቢላክባቸው ገና "ስለ ብርቄ ጉዳይ" ሲል ከወንበሩ ያስነሱታል። "በቁሜ ዓይኗን አላይም፤ ከፈለገች ስሞት ትምጣ" ይላሉ። እትዬ ብርቄም ኩሩ ናት፤ እግር ላይ ወድቃ አትለምንም። ሁለቱም እያረጁ ነበር፤ እትዬ ብርቄን ደግሞ ደም ግፊት ጀምሯት ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳታነሳ፣ እንዳትናደድም አስጠንቅቋታል። ከተማው ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር ነበር፤ አንዷ ሳይታረቁ ትሄዳለች ብሎ።

እትዬ ተዋበች ቤት እየሠሩ መሆናቸውን እትዬ ብርቄ የሰማች ዕለት ሱቋ ውስጥ ነበርኩ። ማንዳዚዋን አስቀምጣ ተነሳች፤ ካላት ሁሉ የሚበልጠውን የማሆጋኒ ቬኒየር ጥቅል ጎትታ አወጣች። የጥሩ ቬኒየር ጥቅል ከአንድ ግንድ በተራ የተላጠ ነው፤ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ አንድ ላይ ይታሰራል። የዚህኛው ግንድ የግመል ዓይን የመሰለ ጉጥ ነበረው፤ ጉጡ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ አለ። ልታሳየኝ ብላ የማንዳዚው ዘይት በነካው አውራ ጣቷ ከጉጡ አጠገብ ሳበችበት፤ ቅባቱ ላይለቅ ገባበት። "ለተዋበች በር ነው" አለች። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ በፓንያ ላኪው አሏት። ፓንያ አይጥ ማለት ነው፤ በጓሮ የሚያሾልኩትን ቅያስ እንዲያ እንለዋለን፤ በከተማችን ቬኒየር የሚሻገር ሁሉ በዚያ ነው የሚሻገር። እሷ ግን "የእኔ ስጦታ እንደ ኮንትሮባንድ በጓሮ አይገባም" ብላ በዋናው በር፣ በወረቀት፣ በቀረጥ ላከችው።

ተመልሶ መጣ። እትዬ ተዋበችም የእናታቸው ልጅ ናቸውና በጓሮ አልመለሱትም፤ በዋናው በር፣ በወረቀት፣ በቀረጥ። እትዬ ብርቄ በፋሲካ ላከችው፤ ከግንቦት ሳያልፍ መጣ። ለእንቁጣጣሽ ላከችው፤ ለመስቀል መጣ። ዓመት በመጣ ቁጥር በዓሉ በዛ። የማዶው ቤት ግድግዳው ቆመ፣ ጣራው ለበሰ፤ በሮቹ ግን ቆርቆሮ እንደተገጠመባቸው ቀሩ። አናጺ ሲጠይቃቸው እትዬ ተዋበች "ይቆይ" ይሉት ነበር አሉ። እሳቸውም በሆዳቸው የሚጠብቁት ነገር እንደነበር ያኔ የገባው ሰው የለም፤ እኔማ ጭራሽ።

እንዲያም ሆኖ የሄደበትንም የመጣበትንም ወረቀት የምሞላው እኔው ነበርኩ። ላኪ ብርቄ፣ ተቀባይ ተዋበች። ላኪ ተዋበች፣ ተቀባይ ብርቄ። አንድ ጤነኛ ሰው ይኼን ሲያይ ምን ያስባል? እኔ ያሰብኩት "አይ ዘመናዊነት! ተኳርፈው እንኳ ንግዳቸው አልቆመም" ነው። ወረቀቱ ላይ "ተመላሽ ዕቃ" የሚል ቦታ ነበረ፤ እሱን ለመሙላት ግን ተጨማሪ ገጾች ስለሚያስፈልጉ ሁሌም "ገቢ ዕቃ" ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ወደ ማዶ ሲሄድ የኢትዮጵያ ገቢ፣ ወደ እኛ ሲመጣ የኬንያ ገቢ። ከወንበሬ ላይ ተሽከርክሬ ወደ ሥራዬ።

ይኼ ሁሉ ሞኝነት በቤቴ ቢቀር ምን ነበረበት። አንድ የንግድ ቢሮ በሞያሌ በኩል ሁለቱ አገሮች ባለፉት ዓመታት ያስገቧቸው ዕቃዎች እንዲነጻጸሩ ፈለገና ለትራንዚተሮች አከፋፈለ። ሲሚንቶውና ባቄላው ለታላላቆቹ ተሰጠ፤ ለእኔ ማንም ያልፈለገው ቬኒየር ደረሰኝ። እኔ ግን እንደ ሹመት ቆጠርኩት። ሳምንት ሙሉ ኮምፒውተሬ ላይ ተደፍቼ ሁለት መስመር ሣልኩ፤ አረንጓዴው ኢትዮጵያ፣ ቀዩ ኬንያ። መስመሮቹ እንዴት እንደሚያምሩ! አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ይከተለዋል፤ እሱ ሲደርስበት ያ ደግሞ ከፍ ይላል። ከዓመት ዓመት ሁለቱም ይወጣሉ። ሌላው ሰው ቬኒየሩን በፓንያ እንደሚያሾልክና በወረቀት የሚያልፈው አንድ ጥቅል ብቻ እንደሆነ ከተማው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ማወቅ ያቃተኝ እኔ፣ ሰርተፊኬት ያለኝ።

የስብሰባው ቀን የአጎቴን ኮት ተውሼ ለበስኩ፤ እጅጌው እስከ ጣቴ ጫፍ ይደርሳል። ከናይሮቢ የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ከማዶም ነበሩ። እትዬ ብርቄ በነጋዴነቷ ተጠርታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ቀጣናዊ ትስስር አልኩ። ጤናማ ፉክክር አልኩ። ሁለቱ ሕዝቦች በአንድ ልብ ወደ ዘመናዊ የቤት ዕቃ እየተራመዱ ነው አልኩ። ኢትዮጵያ በበዓላት ሰሞን የመግዛት ፍላጎቷ እንደሚጨምር፣ ኬንያ ደግሞ ከበዓላት ማግስት እንደምትነቃ ደርሼበታለሁ አልኩ፤ ለዚህም የባህል ልዩነት ብዬ ምክንያት ሰጠሁ። አጨበጨቡ። ከናይሮቢ የመጣው ሰው ማስታወሻ ያዘ። እትዬ ብርቄ ብቻ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች። ይኼን ያህል ልቧን ነክቼዋለሁ ብዬ እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሲያልቅ ቀስ ብላ መጣች፤ በሰው ፊት ግንባሬን አንኳኳች፤ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ዛሬስ ቺፑድ እንኳ አላለችም፤ አንገቷን ነቅንቃ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆመና ሙቀቱ ከወንበሬ አስነሳኝ። ለንፋስ ብዬ ወደ ግቢው ብወጣ ከማዶ የመጣ ጋሪ ላይ የተጫነ ቬኒየር አየሁ። የግመል ዓይን። ከዓይኑ አጠገብ የማንዳዚ ዘይት የነካ የአውራ ጣት አሻራ። መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ይኼን ብናገር የሚያምነኝ የለም፣ ሌላ ሰውም በዚያ ጉጥ አጠገብ ጣቱን ስቦ ይሆን እንዴ ብዬ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ገባኝ። አረንጓዴው መስመር ይኼ ነው። ቀዩም ይኼው ነው። ቀጣናዊ ትስስር ያልኩት የሁለት ሴቶች ኩርፊያ ነው። ያ ስብሰባ፣ ያ ኮት፣ ያ ጭብጨባ አንድ በአንድ ታወሰኝና መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላሁም።

ሮጬ ሱቋ ገባሁ። እትዬ ብርቄ ቀና ብላ ሳታየኝ "መጣ?" አለችኝ። መጣ አልኳት። ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት።

"አንተ ሥራህ መቁጠር ነው፤ ቁጠር" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እስክትከፍተው እልካለሁ። እኔ ከሄድኩ ግን የሚልክላት የለም" አለችኝ።

 እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ክንዷ ላይ የሐኪም ቤት ፕላስተር ተለጥፎ ነበር።

እንግዲህ ይኼን ጥቅል ቢያንስ በሥርዓቱ ላስተናግደው ብዬ ማልኩ። በሚቀጥለው በዓል ስትልከው "ገቢ ዕቃ" የሚለውን ትቼ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እነዚያን ተጨማሪ ገጾች ተቀመጥኩና ሞላሁ። እናንተ ሆዬ፣ ሞላሁ ነው የምላችሁ። ላኪውን በተቀባይ ቦታ፣ ተቀባዩን በላኪ ቦታ፣ የወጣበትን አገር ደግሞ ሁለቱንም ብዬ። ጋሪው ከእኛ በር ወጣ። የማዶው ኮምፒውተር ዕቃው ከኢትዮጵያ የወጣ ስለሆነ ሊገባ አይችልም አለ። ጋሪው ሲመለስ የእኛው ኮምፒውተር ደግሞ ኬንያን ለቆ ስለሄደ እንደገና ሊገባ አይችልም አለ። ስለዚህ ጥቅሉ በሁለቱ በሮች መካከል፣ የማንም ባልሆነችው መሬት ላይ ቆመ። አለቆቹ ተደዋውለው መፍትሔው አንድ ነው አሉ፤ ላኪና ተቀባይ ራሳቸው በአካል መጥተው፣ ዕቃው ባለበት፣ አንድ ላይ ይፈርሙ።

ሁለቱም ጋ ሰው ተላከ። እትዬ ተዋበች አልመጣም ማለታቸው ተሰማ። ሰማዩ ደግሞ በኡራን መንደር በኩል ጠቆረ። ሞያሌ ዓመቱን ሙሉ ዝናብ ስትለምን ኖራ ልመናዋ የሚሰማላት እንዲህ ባለ ቀን ነው። ቬኒየር ውኃ ከጠጣ ይጠቀለላል፣ ይሰነጠቃል፣ አለቀለት። ጋሪ ገፊው አውራጅ ልፈልግ ብሎ ጠፋ። እኔ የአጎቴን ኮት አውልቄ ጥቅሉ ላይ ጣልኩ፤ ያም ኮት ሳልመልስለት የቆየ ነው፤ ግማሹን እንኳ አልሸፈነውም። እትዬ ብርቄ ከወዲህ በር ፕላስቲክ ሸራ ይዛ እየሮጠች መጣች። አትሩጪ ተብላለች፤ ትሮጣለች። ዝናቡ ወረደ። ሸራውን በአንድ በኩል ይዛ ነፋሱ በሌላ በኩል ይገነጥልባታል፤ እኔ ልረዳ ብዬ የጋሪውን እጀታ ብይዝ ጋሪው ተንሸራቶ እግሬን ረገጠኝና ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ከማዶ በር አንዲት ረጅም ሴት ጃንጥላ ዘግተው ወጡ። መጥተው የሸራውን ሌላኛውን ጫፍ ያዙ።

እነሆ ሁለቱ፣ በጥቅሉ ግራና ቀኝ፣ ከላይ ሸራ ወጥረው ቆሙ። እኔ መሬት ላይ ነኝ፤ መነሳት ነውር መሰለኝ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ ተዋበች ናቸው።

"ለምን አልጠበቅሽኝም?"

"ጠበቅሁሽ።"

"ቀብረሽ ነው የጠበቅሽኝ?"

"እኔም አልደረስኩም፣ እታለም" አለች እትዬ ብርቄ። "በሩ ይከፈት ይሆናል ብዬ እዚያች አጥር ሥር ቆሜ አንቺን ስጠብቅ ሽማግሌዎቹ አልቆይ ብለው ወሰዷት። ስደርስ አፈር ለብሳለች። እናቴን አልቀበርኳትም።"

እትዬ ተዋበች ወደ ማዶው አጥር ዞር ብለው አዩና "እኔም በዚያኛው አጥር ሥር ነበርኩ" አሉ። ቀጥለው፣ "ይኼን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርሽኝም?"

"አላናገርሽኝማ።"

እትዬ ተዋበች ሸራውን ወደ እህታቸው ሳብ አደረጉና "ትከሻሽ ራሰ፤ ጠጋ በይ" አሉ። ጠጋ አለች። ዝናቡ እስኪያባራ እንደዚያው ቆዩ፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ እኔም ያለ ኮት፣ ጭቃ ላይ፣ አለቅሳለሁ። ያቺን ቁራጭ መሬት ለምን አንገቷን ደፍታ ታልፋት እንደነበር የገባኝ ያን ዕለት ነው። አገር ማነጻጸር ደክሟት አልነበረም፤ እህቷን የጠበቀችበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከተማው ብልህ አስታራቂ አደረገኝ። ወረቀቱን ሆን ብሎ አዛብቶ በዘዴ አገናኛቸው ተባለ። ኧረ እኔ ተሳስቼ ነው ብል ትሕትና ነው አሉ። አሁን የተጣሉ ባልና ሚስት፣ የተካሰሱ ወንድማማቾች ቢሮዬ መጥተው ይቀመጣሉ፤ እኔም ምን ቸገረኝ፣ ወንበሬን ዞር ዞር አድርጌ ጢሜን እዳብሳለሁ። እውነቱን የምታውቀው እትዬ ብርቄ ብቻ ነበረች። ሰው ሲያመሰግነኝ ከሰማች ታንኳኳኛለች።

ጥቅሉ በመጨረሻ ተከፈተ። የላይኞቹ ገጾች ውኃ ነክቷቸው ነበር፤ የቀሩት ደህና ናቸው። እትዬ ተዋበች ግማሹን ብቻ ነው የምወስድ አሉ። ገጾቹን በተራ አንድ ለአንቺ አንድ ለእኔ እየተባባሉ ተካፈሉ። ዛሬ ማዶ የእትዬ ተዋበችን በር ብታዩ የግመሉ ዓይን አለ፤ ወዲህ የእትዬ ብርቄን በር ብታዩ ያው ዓይን አለ። በየሳምንቱ መጨረሻ አንዷ ወደ አንዷ ትሄድ ነበር። እትዬ ብርቄ ማዶ ስትሄድ ያው "ኬንያ ቢሆን" ትላለች፤ እህቷ ወዲህ ሲመጡ ደግሞ "ኢትዮጵያ ቢሆን" ይላሉ። ወይ መመሳሰል! ያቺን መሬት ግን አሁን እያወራች ነበር የምታልፋት።

ብዙ አልቆየችም። ያረፈች ዕለት በሩ ክፍት ነበር፤ እትዬ ተዋበች ከሁላችን ቀድመው ደረሱ። ሳጥኑን እኔ ነኝ ያሠራሁት፤ አናጺውን ድፍን እንጨት ካልሆነ ብዬ ተጣልቼዋለሁ። ቀብሩ ከእናቷ አጠገብ ነበር። ከመውረዱ በፊት እትዬ ተዋበች ሰዉን አስቆሙ። ጎንበስ አሉና የሳጥኑን ክዳን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። "ድፍን ነው" አሉ። ከዚያ ማንም ሊይዛቸው አልቻለም።

ለቅሶው ገና ሳይነሳ ስልኬ ጮኸ። ያ ስብሰባው ላይ ማስታወሻ ይይዝ የነበረው የናይሮቢ ሰው ነው። የቬኒየሩን ንጽጽር እያደሰ ነበር፤ ሥራዬን አድንቆ እስከ ዛሬ እንደሚጠቀምበት ነገረኝ። አንድ ነገር ብቻ አልገባውም። ሁለቱ መስመሮች ለዓመታት ተያይዘው ሲወጡ ኖረው ድንገት በአንድ ወቅት ሁለቱም ዜሮ ወርደዋል። ቀረጥ ተጨምሮ ነው ወይስ ገበያው ሞቶ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ድንኳኑ ውስጥ እትዬ ተዋበች የእህታቸው በር ሥር ተቀምጠው፣ ጣታቸውን በምራቃቸው አርሰው የግመሉን ዓይን ሲያብሱ አያለሁ።

"ሁለቱም አይደለም" አልኩት።

"ታዲያ ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ታረቁ ብለህ ጻፍ።"